የገና ኬክ ከካርቶን፦ በደጋ አገር መሃሉ እንዳይወርድ

በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንድም ሳላጎድል አደረግሁ። ኬኩ መጀመሪያ ኩፍ ብሎ ሞላ፤ ከዚያ ገና ከኦቨን ሳይወጣ መሃሉ ቁጭ አለ። ምን አጥፍቼ ነው?» ብዙ ጊዜ ጠያቂዋ ምንም አላጠፋችም። ያ መመሪያ የተጻፈው ለቆላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ኒው ዮርክ ወይም ዱባይ ላይ የሚሠራው ልክ እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛ ችግር አለ። የገና ኬክ የሚጋገረው ዋዜማ ላይ ወይም ከዋዜማው በፊት ባሉት ቀናት ስለሆነ ጾሙ አልተፈታም። እንቁላል ያለበትን ሊጥና ቅቤ የገባበትን ክሬም የሚጾም ሰው በጣቱ ጫፍ እንኳ አይቀምስም። ወጥ በሽታው ይታወቃል የሚሉ እናቶች አሉን፤ ኬክ ግን ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ቀምሶ ማስተካከል በሌለበት ሥራ መተማመኛው ልክ ነው። ከዚህ በታች ያለው አንድ ካርቶን የኬክ ዱቄት ይዘው ለታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ ለ28) ቤትዎ ለሚጋግሩ ነው። ለትንሣኤም ለእንቁጣጣሽም ልኩ ያው ነው።

1. ካርቶኑን ከመግዛትዎ በፊት አገላብጠው ያንብቡ

መጀመሪያ ክብደቱን ይዩ። የአሜሪካ ኬክ ዱቄት ለረጅም ጊዜ የሚሸጠው በ432 ግራም ነበር፤ አሁን አንዳንዱ ወደ 375 ግራም ወርዷል። ካርቶኑ ግን ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። አምና የጻፉትን የውሃና የዘይት ልክ ዘንድሮ በትንሹ ካርቶን ላይ ቢያውሉት ሊጡ ይቀጥንብዎታል።

ቀጥሎ ቀኑ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ወሩ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል፤ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ከሆነ ደግሞ ቀኑ ይቀድማል። 03/08 የሚል ጽሑፍ አንዱ ጋ ማርች ሌላው ጋ ኦገስት ነው፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። ዘመድ በሻንጣ አምጥቶልዎት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ከሆነ ከፍተው ያሽትቱት። ዱቄቱ ውስጥ ስብ ስላለ ሲያረጅ ይሻግታል። የቆየ ዘይት ከሸተተዎት ቫኒላ ቢያበዙበት አይሸፍነውም፤ ይጣሉት።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ እንዳያታልልዎት። በፎቶው ላይ ያለው ነጭ ክሬምና ፍራፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የለም። ውስጡ ያለው ዱቄት፣ ስኳር፣ ጥቂት ስብ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ማጣፈጫ ነው። እንቁላሉን፣ ዘይቱን፣ ውሃውንና ክሬሙን እርስዎ ያዘጋጃሉ። ሲገዙ ይህን አስልተው ይግዙ፤ በዋዜማ ዱቄት ስኳር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አድካሚ ነው።

2. በሚዛን ይለኩ

«አንድ ከፕ» ሲል 240 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው። የእኛ ቤት ብርጭቆ አንዱ 200 ይይዛል፣ ሌላው 300። መለኪያ ከሌለዎት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይውሰዱ፤ ሙሉው 500 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ግማሹ ከአንድ ከፕ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። የሾርባ ማንኪያ 15፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ቢኖርዎት ግን ከዚህ ሁሉ ይገላግልዎታል፤ የኩሽና ዕቃ ከሚሸጡባቸው ሱቆች የሚገኝ ነው። እኔ ብሆን ከሚክሰር በፊት ሚዛን እገዛለሁ።

ሰው የማያስተውለው ልክ የእንቁላሉ ነው። ካርቶኑ «3 እንቁላል» ሲል ትልቁን ማለቱ ነው፤ ያ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፈረንጅ እንቁላል የሚባለው ወደዚህ ይጠጋል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ከነቅርፊቱ 40 ግራም አካባቢ ነው። ሦስት የሐበሻ እንቁላል ሰብረው «እንደተጻፈው አደረግሁ» ቢሉ፣ በእውነቱ ያስገቡት ከሁለት ትልልቅ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ኬኩን ደግፎ የሚያቆመው እንቁላሉ ስለሆነ ይህ ጉድለት በቀጥታ መሃሉ ላይ ይታያል። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ ለሦስቱ አራት ይስበሩ።

እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ በስኒ ሰብረው አይተው ወደ ሊጡ ይጨምሩ። በበዓል ገበያ መሃል ከቆየ ደርዘን ውስጥ አንዱ የተበላሸ ከሆነ ሙሉ ካርቶኑን ይዞብዎት ይሄዳል።

3. ለከፍታው ያስተካክሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲሳሳ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ በፍጥነትና በብዛት ይለጠጣል። ኬኩ ሳይበስል በፊት ኩፍ ይላል፤ ግድግዳው ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል፤ ከዚያ ቁጭ። በዚያ ላይ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲተን ስኳሩ ይበዛል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ለመጠንከር ይዘገያል።

ከባዶ ቢጀምሩ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ይቀንሱ ነበር። ካርቶን ላይ ይህ አይቻልም፤ ሁሉም ተቀላቅሎ ታሽጓል። ያለዎት አማራጭ በዙሪያው ያለውን መለወጥ ነው። ለ432 ግራም ካርቶን፣ 3 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃና 120 ሚሊ ሊትር ዘይት ለሚል መመሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያድርጉ፦

የፉርኖ ዱቄት 30 ግራም ይጨምሩ፤ ይህ አፉ የተስተካከለ 4 የሾርባ ማንኪያ ነው። ግድግዳውን ያጠነክራል። እንቁላሉን ከ3 ወደ 4 ትልልቅ ያድርሱ (የሐበሻ ከሆነ 5)። ውሃውን ወደ 280 ሚሊ ሊትር ያሳድጉ፤ የሚተነውን ይተካል። ዘይቱን ወደ 100 ሚሊ ሊትር ይቀንሱ፤ ስብ ሲበዛ ሊጡ ይልማል፣ የላመ ሊጥ ደግሞ እዚህ ራሱን ችሎ አይቆምም። የኦቨኑን ሙቀት ከ175 ወደ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ያድርጉ፤ ዳርና መሃሉ ኩፍ ብሎ ሳይፈነዳ በፊት እንዲይዝ።

ካርቶንዎ 375 ግራም ከሆነ ዱቄቱን ወደ 25 ግራም ያውርዱት። ውሃና ዘይቱን ካርቶኑ ከሚጠይቀው ተነሥተው ያስተካክሉ፤ ውሃው ላይ 40 ሚሊ ሊትር መጨመር፣ ከዘይቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ መቀነስ ይበቃል።

አንዳንድ ካርቶን «ለከፍተኛ ቦታ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ጥግ ላይ አለው። ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ ይላል፤ ወደ ሜትር ሲመለስ ከ1,070 እስከ 1,980 ነው። ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ ይጠቀማሉ፤ ከተማቸው 1,600 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ከጣሪያው በላይ ነች። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ከሆኑ ያ ጽሑፍ ይመለከትዎታል፤ ጽሑፉ ከሌለ ደግሞ ከላይ የሰጠሁትን ለውጥ ግማሹን ይውሰዱ። ድሬዳዋ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። ደሴና ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባም ከፍ ስለሚሉ ዱቄቱን ወደ 40 ግራም ማድረስ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ኬኩ ስለወረደ «አልተነፋም» ብሎ ቤኪንግ ፓውደር መጨመሩ ነው። በደጋ ይህ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። የወረደው ከልክ በላይ ስለተነፋ ነውና በጭራሽ አይጨምሩ።

4. ኦቨኑን ይፈትኑ፤ መብራቱንም ያስቡበት

ካርቶኑ ላይ 350 ካለ ፋራናይት ነው፤ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። 375 ፋራናይት 190 ነው። ኦቨንዎ በሴንቲግሬድ ከሆነና ማዞሪያውን 350 ላይ ሊያደርሱት ከሞከሩ ከሰል ነው የሚያወጡት። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ ከሰጠሁት ቁጥር 20 ዲግሪ ይቀንሱ።

የቤት ኦቨን ማዞሪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በስኳር ይፈትኑት። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ በስሱ በትነው ኦቨኑን 180 ላይ ለ15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ስኳሩ እንደ ደረቀ መቅረት አለበት። ከቀለጠ ኦቨንዎ ከሚናገረው በላይ ይሞቃል። ቀጥሎ ወደ 190 ከፍ አድርገው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁን መቅለጥ አለበት። ካልቀለጠ ኦቨኑ ደካማ ነው፤ ማዞሪያውን ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል። ይህን ፈተና ከበዓሉ ሳምንት በፊት በአንድ ምሽት ይጨርሱት።

አሁን ስለ መብራት። በዋዜማው ሰፈሩ ሁሉ ድፎ ዳቦ ሊጋግር ምጣድና ኦቨን ይለኩሳል። መብራቱ ባይጠፋ እንኳ ኃይሉ ይደክማል፤ ኦቨኑ በርቶ እያዩት 190 አይደርስም። ኬኩን ከዋዜማው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም አድርገው፣ ማለዳ ወይም ሌሊት ይጋግሩ። ኦቨንና ምጣድ በአንድ መስመር ላይ አብረው አያብሩ፤ ብሬከሩ የሚወርደው ሁልጊዜ ኬኩ መሃል ላይ ሲደርስ ነው።

እየጋገሩ መብራት ቢጠፋብዎት የኦቨኑን በር አይክፈቱ። ከሚያስፈልገው ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በውስጡ የቀረው ሙቀት ሊጨርሰው ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቀው በስቴኪኒ ይፈትሹት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከሆነ ግን ሊጡ ገና ፈሳሽ ነው፤ በፍጥነት ወደ ጋዝ ምድጃ ማዛወር ካልቻሉ አይድንም።

ያም የጋዝ ምድጃ ኦቨን ለሌለው ሰው ይሆናል። ወፍራም ትልቅ ድስት ይምረጡ፤ ቴፍሎን አይሁን፣ ባዶውን ሲግል መጥፎ ጭስ ያወጣል። ታቹ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ንጹሕ አሸዋ ወይም ጨው ያልብሱ፤ ከላዩ ዝቅ ያለ የብረት ማስቀመጫ ያድርጉ። ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው፣ የፎጣውን ጫፍ ወደ ላይ አጥፈው ይሰሩት፤ ፎጣው እንፋሎቱን ካልጠጣው ውሃው እየተንጠባጠበ የኬኩን ፊት ያበላሻል። ጫፉ ወደ እሳቱ እንዳይወርድም ይጠንቀቁ። ድስቱን በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ አግለው መጋገሪያውን ያስገቡ፤ እሳቱን ዝቅ ያድርጉ። ከ45 ደቂቃ በፊት አይክፈቱ። ላዩ ኦቨን ውስጥ እንደሚቀላው አይቀላም፤ ክሬም ስለሚለብስ ግን ማንም አያውቅም። ድስት ውስጥ ሙሉው ሊጥ ስለማይገባ ግማሽ ግማሹን በሁለት ዙር ይጋግሩ፤ የሚጠብቀውን ግማሽ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት።

5. መጋገሪያውን ቀድመው ያዘጋጁ

ሁለት ክብ 20 ሴንቲ ሜትር ወይም አንድ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ ያስፈልጋል። ታቹን በቤኪንግ ፔፐር ይሸፍኑ፤ ወረቀቱ ባይኖር ቅቤ ወይም ዘይት ቀብተው ዱቄት ነስንሰው ትርፉን አራግፈው ይጣሉ። በደጋ ስኳሩ ስለሚበዛ ኬክ አጥብቆ ይይዛል። ሊጡ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ። ካርቶኑ ሁለት ሦስተኛ ሊል ይችላል፤ እዚህ ከሞሉት ኦቨኑ ወለል ላይ ሲፈስ ያዩታል። የተረፈውን ሊጥ በትንንሽ የወረቀት ስኒ ለልጆች ይጋግሩት።

ይህን ሁሉ ጨርሰው፣ ኦቨኑም ከጋለ በኋላ ብቻ ወደ ሊጡ ይሂዱ። ውሃ የነካው ቤኪንግ ፓውደር ሥራ ጀምሯልና አይጠብቅዎትም።

6. ሊጡን ያዋህዱ፤ አያብዙት

በታኅሣሥ ብርድ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ እንቁላል ከዘይቱ ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፤ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት። ዱቄቱን ከጨመሩት የፉርኖ ዱቄት ጋር በወንፊት ይንፉ፤ በዕቃ ማመላለሻ የከረመ ካርቶን ውስጥ ጓጉሎ የተጣበቀ ዱቄት አይጠፋም። ከዚያ እንቁላል፣ ውሃና ዘይቱን አንድ ላይ ጨምረው በዝግታ ያዋህዱ።

ካርቶኑ በሚክሰር ሁለት ደቂቃ ምቱ ይላል። እዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ በእጅ መምቻ ከሆነ ዱቄቱ ጠፍቶ ሊጡ እስኪለሰልስ ብቻ። ሲመቱ አየር ያስገባሉ፣ አየሩ ደግሞ ከጋዙ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ትንንሽ ጓሎች ቢቀሩ አይጨነቁ፤ ሲበስሉ ይጠፋሉ። ትክክለኛው ሊጥ ማንኪያውን ከፍ ሲያደርጉት እንደ ወፍራም ጥብጣብ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፣ ወድቆም ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ መስመሩን ያሳያል፣ ከዚያ ይሰምጣል። እንደ ውሃ ፈስሶ ወዲያው ከጠፋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ። እየተቆረጠ ከወደቀ አንድ ማንኪያ ውሃ።

ጣዕሙን ከካርቶን ማላቀቅ ከፈለጉ ጊዜው ይህ ነው። የቸኮሌት ከሆነ ውሃውን በቀዘቀዘ የጀበና ቡና ይተኩት፤ አተላው እንዳይገባ አጥልለው። ቡናው ቡና ቡና አያሰኘውም፤ ቸኮሌቱን ያጎላዋል። የቫኒላ ከሆነ የአንድ ብርቱካን ቅርፊት ነጩ ሳይገባ ፍቀው ይጨምሩ፤ ከውሃውም ላይ 60 ሚሊ ሊትሩን በብርቱካኑ ጭማቂ ይተኩ። ኮረሪማ የሚጨምሩም አሉ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ በዓሉን ወደ ወጥ ይመልሰዋል።

ሊጡን አፍስሰው ሲጨርሱ መጋገሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ትልልቆቹ አረፋዎች ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ።

7. ይጋግሩ

መጋገሪያዎቹን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሳይነካኩ፣ ከግድግዳውም ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። በትንሽ ሚኒ ኦቨን ከሆነ አንድ አንዱን ይጋግሩ፤ የላይኛው ብረት ቅርብ ስለሆነ ላዩ ከ15 ደቂቃ በኋላ ከጠቆረ ፎይል ጣል ያድርጉበት።

በሩን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አይክፈቱ። ልጆች «እስቲ ልየው» ሲሉ በመስታወቱ ያሳዩ። ካርቶኑ ከሚለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቀድመው መፈተሽ ይጀምሩ፤ ሙቀቱ ከፍ ስላለ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። የደረሰ ኬክ ጠርዙ ከመጋገሪያው ክር ያህል ይላቀቃል። መሃሉን በጣትዎ ቀስ ብለው ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ሰክተው ሲያወጡት ሁለት ሦስት እርጥብ ፍርፋሪ ቢይዝ ደርሷል ማለት ነው፤ ሊጥ ከያዘ አራት ደቂቃ ይጨምሩ። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው የአዲስ አበባን አየር ረስቷል፤ ኬኩ ከወጣ በኋላም መድረቁን ይቀጥላል።

8. ያቀዝቅዙና ወዲያው ይጠቅልሉ

መጋገሪያው ውስጥ እንዳለ አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ቀድመው ከገለበጡት ይፈርሳል፤ ብዙ ካቆዩት በራሱ እንፋሎት ታቹ ይርሳል። ከዚያ ጠርዙን በቢላ ዞረው፣ ወንፊት ወይም የሽቦ መደርደሪያ ላይ ገልብጠው ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙት፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ለብ ባለ ኬክ ላይ የተቀባ ክሬም ይቀልጣል።

የታኅሣሥ አየር ደረቅ ነው። እንደ ቀዘቀዘ በፕላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉት። ክሬም ያልነካው ኬክ እንዲህ ሆኖ ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ቀን ይቆያል። በፍሪዘር አንድ ወር ይችላል። ቀዝቅዞ ያደረ ኬክ ሲቆርጡት አይፈረፈርም፤ ቀድሞ መጋገር ከመብራቱ ሌላ ይህም ጥቅም አለው።

9. ሽሮፕና ክሬም

ካርቶን ኬክን ከካርቶን ኬክነት የሚያወጣው ሽሮፕ ነው፤ ሰው ግን ይዘለዋል። 100 ግራም ስኳር ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃና ከአንድ ቀረፋ ጋር አንዴ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ላዩ ያበጠ ከሆነ በረጅም ቢላ አስተካክለው ይቁረጡና ለእያንዳንዱ ንብርብር አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ በብሩሽ ያጠጡት። ሽሮፑ የጾም ስለሆነ መቅመስ ይችላሉ።

ለክሬሙ 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 400 ግራም ዱቄት ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ቁንጥጫ ጨው ያስፈልጋል። የፈረንጁ ልክ ስኳሩን 500 ግራም ያደርገዋል፤ ለእኛ አፍ ይበዛል። የሐበሻ ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ ሽታው ክሬሙን ይገዛዋል። ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጎድ፣ የማይቀልጥ መሆን አለበት። በዚህ ወር ጠዋት ከፍሪጅ ቢያወጡት ከሰዓት ይደርሳል፤ እሳት ላይ አድርገው ካቀለጡት ግን ተመልሶ አይነፋም። ብቻውን አምስት ደቂቃ መትተው ነጣ ሲል የተነፋውን ስኳር በሦስት ጊዜ ይጨምሩ። ቤት ውስጥ በብሌንደር የፈጩት ስኳር አፍ ላይ ይንቀራጨጫል፤ ቅቤው ላይ ገንዘብ አውጥተው ስኳሩ ላይ አይቆጥቡ።

ይህን መቅመስ ስለማይችሉ መዝነው ይመኑት። የማይጾም ልጅ ቤት ካለ ቀማሽ አግኝተዋል፤ ልጅ ግን ሁልጊዜ «ይጨመር» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ስስ ክሬም ቀብተው ፍርፋሪውን ያስይዙት፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አኑረው ዋናውን ይቀቡ። እንጆሪ ወይም ሌላ ውሃ ያለው ፍራፍሬ ከቆራረጡ ሊቀርብ ሲል ብቻ ይደርድሩት፤ ካደረ ቀለሙ ነጩ ላይ ይወርዳል። ክሬም የለበሰው ኬክ ፍሪጅ ያድራል። ከመቁረጥዎ አንድ ሰዓት በፊት ያውጡት፤ ከዶሮ ወጡ በኋላ ቡና ሲቆላ ማውጣት ጥሩ ሰዓት ነው።

10. የጾም ከፈለጉ

የጾም ኬክ በካርቶን ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ዝርዝሩ ላይ የወተት ዱቄት እንደሌለ ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ከሌለው እንቁላሉን፣ ዘይቱንና ውሃውን ትተው፣ በ350 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አምቦ ውሃና በሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ብቻ ቀስ ብለው ያዋህዱት። የሚደግፈው እንቁላል ስለሌለ በትልቅ መጋገሪያ መሃሉ መውረዱ አይቀርም። በትንንሽ የወረቀት ስኒ ግማሽ ግማሽ እየሞሉ ይጋግሩት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይፈትሹ።

11. ካልተስተካከለ ምን ይለወጥ?

መሃሉ ከወረደና ውስጡ ከበሰለ፣ በሚቀጥለው አሥር ግራም ዱቄት ይጨምሩ። መሃሉ ወርዶ ጥሬም ከሆነ ችግሩ የኦቨኑ ሙቀት ነው፤ የስኳሩን ፈተና ይድገሙ። ላዩ እንደ ተራራ ሾጥጦ ከተሰነጠቀ ሙቀቱ በዝቷል፤ አሥር ዲግሪ ያውርዱ። ከደረቀ ውሃውን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ያሳድጉ ወይም ሦስት ደቂቃ ቀድመው ያውጡት። ውስጡ ረጃጅም ቀዳዳ ካለው ብዙ ተመትቷል።

የወረደውን አይጣሉት፤ መሃሉን በክሬም ሞልተው ሁለተኛውን ንብርብር ከደረቡበት ማንም አይነቃም። የተጠቀሙበትን ልክ ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው፣ ቆርጠው ቁም ሳጥኑ በር ላይ ይለጥፉት። በሚቀጥለው በዓል አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ዱቄቱንና ሙቀቱን ባንድ ጊዜ ከለወጡ የትኛው እንዳዳነው አያውቁም።